ሌሊት ሌሊት የሚጠፋው የፍሪጅ ሴንሰር፦ ዚግቢ ዶንግል፣ ሰማያዊው ዩኤስቢ እና የድሬ መብራት

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለቤቱ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። እናቴ ስኳር ካለባት ቆይቷል፤ ኢንሱሊኗን የምናስቀምጠው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ባለው ፍሪጅ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ መብራት ሄዶ ፍሪጁ ግማሽ ቀን ሲቆም ምን እንደሚሆን እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ሌሊት መብራት መሄዱን የምናውቀው ቬንትሌተሩ ቆሞ በላብ ተነክረን ስንነቃ ነው። ቀን እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ እማዬም ፍሪጁን በየሰዓቱ እየከፈተች ማየት አትችልም፤ መክፈቱ ራሱ ቅዝቃዜውን ያባክነዋል። ተበላሽቶ ይሆን ወይስ አልተበላሸም በሚል ጥርጣሬ ብቻ ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ጥለናል።

ስለዚህ ፍሪጁ ውስጥ በክብ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ የዚግቢ (ትንሽ ኃይል የሚፈልግ፣ የቤት ዕቃዎች የሚገናኙበት የሬድዮ ዘዴ) ሙቀት መለኪያ ሴንሰር አስቀመጥኩ። ሳሎን፣ ቴሌቪዥን ማስቀመጫው ላይ፣ ሆም አሲስታንት የሚባለውን የቤት ዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የጫንኩበት ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር አለ፤ የሴንሰሯን መልእክት የሚቀበለው ዶንግል፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሽ ሬድዮ፣ እሱ ላይ ተሰክቷል። ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ ሲያልፍ ወይም ከ2 ሲወርድ በቴሌግራም መልእክት ይደርሰኛል። ይደርሰኝ ነበር ማለት ይሻላል። ሴንሰሯ ቀን አንዳንዴ ትቆራረጣለች፤ ሌሊት ግን ከ7 ሰዓት በኋላ ጭራሽ ትጠፋለች። ጠዋት ስከፍተው የመጨረሻው ንባብ ሌሊት 7 ሰዓት ከምናምን ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። በሁለት ወር ሦስት ባትሪ በልታለች። ከፍሪጁ እስከ ሳሎኑ 14 እርምጃ ነው፤ መሃል ላይ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አለ። ጥፋቱ የዶንግሉ ነው፣ የሴንሰሯ ነው ወይስ የቤቱ? ሌላ ዶንግል ከመግዛቴ በፊት የሚያውቅ ይንገረኝ።

ምን ምን ተባለ

አሁን 34 መልስ ስለደረሰና አዲስ የሚመጣው ሰው ከመሃል ገብቶ የተመለሰውን ጥያቄ ደግሞ ስለሚጠይቅ፣ የሆነውን ሁሉ በመልሶቹ ቁጥር እየጠራሁ እዚህ አኖረዋለሁ።

መልስ 1 የመጣው ጽሑፌን በለጠፍኩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ለእናቴ ጤና ተመኝቶ፣ ሦስት ነገር ጠየቀኝ፦ ዶንግሉ የተሰካው የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሆነ፣ አጠገቡ ሌላ ምን እንደተሰካ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ የሚጀምረው ሥራ እንዳለ። ያኔውኑ በደንብ ብመልስለት ኖሮ አንድ ሳምንት ባተረፍኩ። እኔ ግን የዶንግሉን ሞዴል ብቻ ጽፌ ሌላውን ማታ አያለሁ ብዬ አለፍኩት።

መልስ 2 ባትሪውን ጠረጠረ። ሲአር2032 (ክቡ ባትሪ) ብርድ ውስጥ ሲገባ ቮልቴጁ ስለሚወርድ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሴንሰር ባትሪው ሳያልቅ ያለቀ መስሎ ይታያል አለ። ልክ ነው፤ የኔም ከፍሪጅ ወጥታ ስትቆይ የባትሪዋ መቶኛ ከፍ ይላል። ግን ብርዱ ቀንም ያው ነው፤ ሌሊት 7 ሰዓትን ለይቶ የሚመጣ ነገር አይደለም።

መልስ 3 ዋይፋይ ነው ብሎ ቆረጠ። ዚግቢም ዋይፋይም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሚሠሩ፣ ዋይፋይሽ ቻናል 11 ላይ ከሆነ ዚግቢሽ ቻናል 11 ላይ አይሁን አለኝ። 4 እና 5 ተስማሙ። አየሁት፤ ዋይፋዬ 1 ላይ፣ ዚግቢዬ 11 ላይ ነው። በእሱ አባባል ምንም ችግር የለብኝም ማለት ነው።

መልስ 6 ግን ይህን ከሥሩ ነቀለው። የሁለቱ ቁጥር አንድ መሰላል ላይ የሚቆጠር አይደለም አለ። የዚግቢ ቻናሎች ከ11 እስከ 26 ድረስ 16 ናቸው፤ የ11 መሃሉ 2405 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፣ ከዚያ በየ5 ሜጋኸርዙ እየጨመረ 26 ላይ 2480 ይደርሳል። የዋይፋይ ቻናል 1 መሃሉ 2412 ነው፤ ስፋቱ 20 ያህል ስለሆነ ከ2402 እስከ 2422 ያለውን ይይዛል። እንግዲህ የዚግቢ 11፣ 12፣ 13 እና 14 በሙሉ ሆዱ ውስጥ ናቸው። ዋይፋይ 6 ከ16 እስከ 19 ያሉትን ይሸፍናል፤ ዋይፋይ 11 ደግሞ ከ21 እስከ 24 ያሉትን። በመካከል የሚተርፉት ክፍተቶች 15፣ 20፣ 25 እና 26 ናቸው፤ 26ን ግን አንዳንድ ዕቃ በደንብ ስለማይደግፈው 25 ይሻላል። የኔው 11 ቀጥታ ራውተሩ አፍ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ራውተሩ ደግሞ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ከዶንግሉ ስንዝር ርቀት ነው ያለው።

ሒሳቡ የሚያስመሰግን ነበር። ነገር ግን 6 መጨረሻ ላይ፣ ያላረጋገጡትን ለሰው መምከር ነውር ነው ብሎ ለ3 አሽሙር ጨመረ። 3ም በ7 ተመልሶ ስንት ቤት እንደሠራ ዘረዘረ፤ ንግግሩም ከረረ። እኔ ሁለቱንም አመሰገንኩ፣ ከልቤ ነው። 3 አቅጣጫውን አሳይቶኛል፤ 6 ቁጥሩን አስተካክሎታል። ያው ማታ ዚግቢውን ወደ 25 አዛወርኩት። በባትሪ የሚሠሩት ሴንሰሮች ለውጡን አልተከተሉም፤ ሁሉንም አንድ በአንድ እንደ አዲስ ማገናኘት ነበረብኝ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጊዜ ይዞ ይጀምረው።

በ8 የጻፍኩት ውጤቱን ነው። የቀኑ መቆራረጥ ቆመ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ግን አሁንም ጠፋች።

መልስ 9 ያኔ ነው የመጣው። የአረጋዊት እናት መድኃኒት በእንዲህ ያለ መጫወቻ አይጠበቅም፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ቤት የሚውል ሰው ይበቃል፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው አለ። ከዚህም የባሰ ቃል ነበረበት፤ አልደግመውም። 10 በቁጣ መለሰለት፣ 11 ደግሞ 9ን ደግፎ ገባ። እኔ ለጊዜው ዝም አልኩ፤ ከእማዬ ጋር ቀን የሚውል ሰው የለንማ፣ ያለንን ነገር ነው የሞከርኩት።

የውይይቱን ክር ያበረደችው 12ን የጻፈችው እህት ናት። ሐረር የምትሠራ ነርስ ናት፤ ስለ ዶንግልም ስለ ቻናልም አንድ ቃል ሳትናገር መድኃኒቱን ብቻ አስረዳች። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው እንደ ዓይነቱ በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ ድሬዳዋ በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ ከ30 በታች ማግኘት ስለሚያስቸግር ግን የተከፈተውንም ፍሪጅ ማስገባቱ ይሻላል፤ የራሱ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ማንበብም አይዘንጋ። ሁሉም ሙቀቱን ይፈራል፤ መቀዝቀዙን የሚፈራው ግን ጥቂት ነው አለች። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። ስለዚህ ከፍሪዘሩ ሥርና ከፍሪጁ የጀርባ ግድግዳ ማራቅ ነው። ለ9 በተዘዋዋሪ የመለሰችው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ተራ ቴርሞሜትር የሚነግርህ ባየኸው ሰዓት ያለውን ብቻ ነው፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን መዝግቦ የሚይዝ ዓይነት አለ፣ ሴንሰር ያለውም የሌለውም ሰው እሱን ይግዛ። ገዛሁት። ይህን ያህል 9ም ልክ ነበረ።

መልስ 13ን የጻፉት አባት ነበሩ። በምድር ባቡር ዘመን ሬድዮና ስልክ ሲጠግኑ ጡረታ የወጡ የከዚራ ሰው ናቸው፤ ሁላችንንም ልጆቼ እያሉ ነው የሚጽፉት። በመሃል አንድ ሰው ኃይለኛ ዶንግል፣ ባለ 20 ዲቢኤም (ዲቢኤም የማስተላለፊያ ኃይል መለኪያ ነው)፣ ግዢ ብሎኝ ነበርና እሳቸው ያንን አነሱ። መጮህ ሌላ፣ መስማት ሌላ ነው አሉ። ዶንግልሽ አብዝቶ ቢጮህ ሴንሰሯ ትሰማዋለች፤ እሷ ግን በአንዲት ክብ ባትሪ ነው የምትናገረው፣ ድምጿ ያው ቀጭን ነው። ጆሮው አጠገብ ወፍጮ እየዞረ ከሆነ፣ ጉልበቱ ምንም ቢሆን አይሰማትም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ወፍጮው ነው። በእሳቸው ጊዜ ሬድዮ ሲንጫጫ የሚያደርጉት፣ በአጠገቡ ያለውን ማሽን ሁሉ ተራ በተራ ማጥፋት ነበር። ባትሪ የምትበላውም ለዚሁ ነው፤ መልስ ስታጣ ደጋግማ ትልካለች፣ ቀጥላም ሌላ የምትጠጋበት ፍለጋ ትባዝናለች።

በ14 መልስ 1ን የጻፈው ሰው ተመለሰና ያንኑ ሦስት ጥያቄውን፣ በትሕትና፣ እንደገና ጠየቀ። አሁን ተነስቼ አየሁ። ፓዩ ላይ አራት ቀዳዳ አለ፤ ሁለቱ ሰማያዊ፣ ሁለቱ ጥቁር። ዶንግሉ አንደኛው ሰማያዊ ላይ ነው። ከላዩ ባለው ሰማያዊ ላይ ውጫዊ ኤስኤስዲ ዲስክ (ፋይል ማስቀመጫ) ተሰክቷል፤ በሁለቱ መካከል ጣት አይገባም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ደግሞ የካሜራና የፎቶ ፋይሎች በሙሉ ወደዚያ ዲስክ እንዲገለበጡ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ሰው በተኛበት ሰዓት ይሁን ብዬ።

መልስ 15 ከዚህ በኋላ አጭርና ግልጽ ነበር። ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ነው፤ በሰከንድ 5 ጊጋቢት ነው የሚያስተላልፈው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ መረጃ የሚፈጥረው የሬድዮ ጫጫታ ሰፊ ስለሆነ 2.4 ጊጋኸርዝን ጭምር ያጥለቀልቀዋል፤ የሚያፈስሰውም ከመሰኪያው፣ ከገመዱና ከዲስኩ ሽፋን ነው። ኢንቴል ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ለክቶ አሳይቷል፤ የጫጫታው ወለል፣ ማለት ሌላ ድምፅ የሚሰማው ከሱ በላይ ሲሆን ብቻ የሆነው የጫጫታ መጠን፣ እስከ 20 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ሊል ይችላል፣ ይህም በኃይል 100 እጥፍ ነው። ዲስኩ ሥራ ሲፈታ ጫጫታው ይቀንሳል፣ ሲገለብጥ ይነሳል። አባታችን ወፍጮ ያሉት ይኸው ነው።

እኔ በሰው ቃል ብቻ ላድር አልፈለግሁም። ያን ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሴንሰሯን ከፍሪጁ አውጥቼ የሰርቪሱ ደጃፍ ላይ ቆምኩ፤ ስልኬ በአንድ እጄ፣ እሷ በሌላው። መዳፌ ውስጥ ስጨብጣት ትሞቃለች፣ ስለቃት ትቀዘቅዛለች፤ ሙቀቷ በተለወጠ ቁጥር መልእክት ስለምትልክ ሳትቋረጥ እንድትናገር ማድረጊያው መንገድ ይህ ነው። ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር የግንኙነቱ ጥራት ከ0 እስከ 255 በሆነ ቁጥር ይመጣል። 90፣ 96፣ 88 እያለ ቆየ። 7 ሰዓት ሲሆን በመስኮቱ በኩል የዲስኩ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። 31 መጣ። ከዚያ 19። ከዚያ ጨበጥኳት፣ ለቀቅኳት፣ እንደገና ጨበጥኳት፤ ምንም የለም። እማዬ ነቅታ ጭለማ ውስጥ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ከስልኬ ግልበጣውን አስቆምኩት፤ ትንሽ ቆይቶ 84 መጣ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ይህን ስጽፍ 16 ወዲያው፣ ዶንግሉን ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ሰክተሽ ጨርሺ አለኝ። ሞከርኩት፤ ትንሽ ብቻ ተሻለ። 17 ምክንያቱን ነገረኝ። ጫጫታውን የሚያመጣው የዶንግሉ ቀዳዳ ሳይሆን የጎረቤቱ ነው፤ ዶንግሉ ራሱ የዩኤስቢ 3ን ፍጥነት አይጠቀምም። ጥቁሩ ከሰማያዊው የሚርቀው ሁለት ጣት ነው። የሚያድነው ርቀት ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሜትር ያለው የዩኤስቢ 2 ማስረዘሚያ ገመድ፣ ዶንግሉ ጫፉ ላይ ሆኖ፣ ከዲስኩም ከራውተሩም ከቴሌቪዥኑም የራቀ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ። 18 ማስረዘሚያው ሰማያዊ ከሆነ ይባስ ያበላሻል አለ፤ 19 ደግሞ ሰማያዊ ማስረዘሚያም ጥቁር ቀዳዳ ላይ ከተሰካ እንደ ዩኤስቢ 2 ነው የሚሠራው፣ አትጨነቂ አለኝ። ሁለቱ በዚህ ብዙ ተመላለሱ፤ ለኔ ግን የ19 አሳማኝ ነው።

ገመዱን ፍለጋ ታይዋን ወደሚባለው የድሬ ገበያ ወረድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ ገመድ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ፤ ዶንግሉ መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። መልሼ ብወስደው ሻጩ ተጠቅመሽበታል ብሎ አልቀበልም አለ፤ በዚህ በጣም አዝኛለሁ። ይህን ስጽፍ 20 የሚጠቅም ነገር አመጣ። መረጃ የሚያስተላልፍ ገመድ ውስጡ አራት ሽቦ አለው፣ የቻርጁ ግን ሁለት ብቻ። ውጭ ሆኖ መለየት ስለማይቻል፣ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ፍላሽ ጫፉ ላይ ሰክታችሁ ላፕቶፕ ላይ ክፈቱት፤ ከተከፈተ ግዙ። አሮጌ የፕሪንተር ወይም የካሜራ ገመድ ላይ የምታዩት ጥቁር ድቡልቡል ነገር ፌራይት ነው፤ በገመዱ ላይ እየተሳበ የሚመጣውን ጫጫታ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ማስረዘሚያ ካገኛችሁ አትለፉት።

ከ21 ጀምሮ ብዙ ሰው አንድ ሐሳብ ላይ ተረባረበ። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የዚግቢ ሶኬት አድርጊ፣ እሱ መልእክቱን ተቀብሎ ያሻግርልሻል፣ ዶንግሉ ባይሰማትም ግድ የለሽም አሉ። በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው። ከግድግዳ መብራት የሚወስድ የዚግቢ ዕቃ የሌላውን መልእክት ያስተላልፋል፤ በባትሪ የሚሠራው ግን ለራሱ ብቻ ነው። ልገዛ ተነስቼ ነበር።

መልስ 22 ያስቆመኝ ይህን ጊዜ ነው። የሐረር ሰው ነው፣ ጀጎል ውስጥ በአያቱ የአደሬ ቤት ይኖራል፤ በአቦ ጀምሮ በአቦ ነው የጨረሰው። የድንጋይ ግንቡ ከክንድ በላይ ስለሚወፍር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲግናል አያልፍለትም፤ ሦስት ሶኬት ገዝቶ በግቢው ዙሪያ አስተላልፎት ነበር። ሁሉም ነገር እንደ ሰዓት ይሠራል፣ መብራት እስኪሄድ ድረስ። መብራት ሲሄድ ሦስቱም ሶኬት አብረው ይሞታሉ፤ ሴንሰሩ ባትሪ ስላለው ይናገራል፣ የሚያሻግርለት ግን የለም። መብራት ሲመጣም አንዳንዱ ሴንሰር ወደ ቦታው ሳይመለስ ይቀራል። እህቴ ሆይ፣ ያንቺ ሴንሰር የምትፈለገው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ከ34ቱ መልስ ለኔ ትልቁ ይህ ነው። ሴንሰሯን ያስቀመጥኳት መብራት ሲሄድ እንድትናገር ነው። ፍሪጁ በቆመባት በዚያችው ደቂቃ አሻጋሪው ሶኬትም ይቆማል፤ መብራት ባለበት ቀን ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ እያሳየኝ፣ በሚያስፈልገኝ ሰዓት ዝም ሊል ነበር። ከቆላ እስከ ደጋ መብራት በሚሄድበት አገር፣ ለመድኃኒት ፍሪጅ የሚሆነው መንገድ ቀጥታ ነው፦ ሴንሰሯ ያለ ማንም አማላጅ ዶንግሉን ማግኘት አለባት፣ ዶንግሉም ጆሮው ንጹሕ መሆን አለበት፣ ከጀርባው ያለው ኮምፒውተርም ባትሪ ላይ መሆን አለበት። ከእንግሊዝኛው ድረ ገጽ የምናነበው ምክር ሶኬት ጨምር የሚለው፣ መብራት በማይሄድበት አገር ስለተጻፈ ነው።

23 አልተቀበለውም፤ ሶኬቶቹንም ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያሠራው ዕቃ፣ ላይ ማድረግ ይቻላል አለ። ለጀጎሉ ሰው ያ ግድ ሊሆን ይችላል፤ ግንቡን የሚያልፍበት ሌላ መንገድ የለውም። ለኔ ግን አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ከተጨማሪ ዩፒኤስ ይረክሳል።

መልስ 24 ከመብራት መሄድ ጋር የሚመጣ ሌላ ወጥመድ አስታወሰ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ለዶንግሉ የሚሰጠው የወደብ (የመሰኪያ) ቁጥር ሊለወጥ ይችላል፤ ትናንት ዜሮ የነበረው ዛሬ አንድ ይሆናል፣ ፕሮግራሙም በድሮው ቁጥር ፈልጎ ያጣዋል። ሰው ዶንግሉ ተቃጠለ ብሎ ይጥለዋል። መፍትሔው በቅንብሩ ውስጥ ዶንግሉን በወደብ ቁጥር ሳይሆን በራሱ መለያ ስም መጥራት ነው፤ የፓዩ ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ ይህን ስም በራሱ ያዘጋጃል። 25 ደግሞ ፓይ 4 እስከ 3 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር እንደሚፈልግ፣ ደካማ የስልክ ቻርጀር ከሆነ ዲስኩም ዶንግሉም እየተቆራረጡ ሰውን እንደሚያሳስቱ ጻፈ። ሁለቱም አጭር ናቸው፣ ሁለቱንም ተግባራዊ አድርጌያለሁ።

ከዚያ ነገሩ ከመንገድ ወጣ፤ ከሰዓት በርጫ ላይ ሆነው የሚጽፉት መሰለኝ፣ መልሶቹ ተከታትለው መጡ። 26 ስለ ገንቦ አነሳ፦ ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ። አያቶቻችን ውኃ የሚያቀዘቅዙበት ዘዴ ነው፤ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ አየሩ ደረቅ በሆነ ቁጥር ይበረታል። ነርሷ በ27 ተመልሳ አጸደቀችው፣ ልክም አበጀችለት፦ የተከፈተውን ኢንሱሊን ከ30 በታች ለማቆየት ይረዳል፣ ፍሪጅን ግን አይተካም፤ ብልቃጡም ውኃ እንዳይገባው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። እማዬ ይህን ሳነብላት ደስ አላት፤ በማግስቱ ገንቦዎቹን ከጓዳ አስወጣች።

28 የጻፈው በድሬ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ነው። በሐምሌ 1998 ሌሊት የመጣው ጎርፍ ስንቱን እንደወሰደ አስታውሶ፣ እንዲህ ያለ ሴንሰር ላይኛው ተፋሰስ ላይ ቢተከል ሰው አይነቃም ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ክሩ ለተወሰነ ጊዜ ጸጥ አለ። 29 ዚግቢ ለቤትና ለግቢ ነው፣ ተራራ ላይ ያለን ነገር ለመስማት ሎራ የሚባለው፣ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች የሚሠራውና ኪሎ ሜትሮችን የሚያቋርጠው ይሻላል ብሎ በአክብሮት መለሰለት። ለዚህ ሐሳብ የራሱ ክር እንዲከፈትለት ለምኛለሁ፤ እኔም እሳተፍበታለሁ።

በ30 ያሰፈርኩት የመጨረሻውን አቀማመጥ ነው። ሁለተኛው ገመድ፣ ፌራይት ያለው፣ ከአንድ የተሰበረ ካሜራ የተገኘ፣ ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ተሰካ። ዶንግሉ በሰርቪሱ ትይዩ ካለው መስኮት በላይ ተሰቀለ፤ አንቴናው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዲስኩ ሰማያዊው ላይ እንዳለ ነው። ሴንሰሯም ከፍሪጁ መሃል ወደ በሩ መደርደሪያ መጣች፤ የፍሪጁ አካል ብረት ስለሆነ ሲግናሉ በዋናነት የሚወጣው በበሩ ላስቲክ በኩል ነው። ሌሊት 7 ሰዓት፣ ዲስኩ እየገለበጠ፣ ከፍሪጁ ውስጥ የግንኙነቱ ጥራት 118። ቀጥሎ ዋናውን ብሬከር አወረድኩ። ፓዩና አነስተኛው ራውተር ትንንሽ ዩፒኤስ ላይ ናቸው። ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ፍሪጁ ዝም አለ፣ ሴንሰሯ ግን በጭለማው መናገሯን ቀጠለች። በሩን ከፍቼ ሙቀቱ 8 እንዲያልፍ ጠበቅሁ፤ መልእክቱ ስልኬ ላይ መጣ።

መልስ 9 በ31 ተመልሶ መጣ፣ አቋሙንም አልለወጠም። መልእክት ሰው አይደለም፣ አንቺ መሥሪያ ቤት ሆነሽ ብታነቢው ኢንሱሊኑን ማን ያነሳዋል አለ። አነጋገሩ አሁንም ሻካራ ነው፤ ጥያቄው ግን የሚገባ ስለሆነ መለስኩለት። መልእክቱ አሁን ለሁለት ሰው ይሄዳል፦ ለኔና ለጎረቤታችን ልጅ። እሷ ቀን ቤት ናት፤ በረዶ ጥቅል ከፍሪዘሩ አውጥታ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ ብልቃጡን ሳይነካው አጠገቡ ማስቀመጥን አሳይቻታለሁ። 32 እና 33 ይህን ለራሳቸው ቤት ጻፉት።

መልስ 34 ትናንት ማታ የገባ ነው። የዚሁ የድሬ አዲስ ከተማ ሰፈር ሰው ነው፤ ዲስክ የለውም፣ ዋይፋዩንም አስተካክሏል፣ ዶንግሉ ግን ቴሌቪዥን ሲከፈት ይደነቁራል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ኤችዲኤምአይ ገመዱ ሥር ነው የሰካው። ሴንሰሩን በእጁ እየጨበጠ ቴሌቪዥኑን አንዴ እንዲያጠፋ፣ አንዴ እንዲያበራ፣ ቁጥሩንም እንዲጽፍልን ነግሬዋለሁ። ትርፍ ማስረዘሚያ አለኝ፤ እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በዚያው አልፋለሁና አደርስለታለሁ።